ካልሲየሙ ሳይነካ አልካሊኒቲው ለምን ይወርዳል? የኮራል አኳሪየም ጥያቄዎች ከጅማ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ጅማ ውስጥ በቤታቸው ኮራል ከሚያሳድጉ አንባቢያን የመጡ ናቸው። ሌላ ካልጠቀስን በስተቀር መጠኖቹን የሰጠነው ለ100 ሊትር ውሃ ነው። የእርስዎ 250 ሊትር ከሆነ በ2.5 ያባዙት። አልካሊኒቲ ስንል በውሃው ውስጥ ያለውን የባይካርቦኔትና የካርቦኔት መጠን ማለታችን ነው፤ አሃዱ ዲኬኤች ይባላል። የካልሲየምና የማግኒዚየም ቁጥሮች በሊትር ሚሊ ግራም ናቸው።

ጥያቄ፦ አኳሪየሜ 100 በ45 በ40 ሳንቲ ሜትር ነው። ሃመርና ሞንቲፖራ የሚባሉ ድንጋያማ ኮራሎች አሉኝ፤ በደንብ እያደጉ ነው። ግራ የገባኝ ልኬቱ ነው። ሰኞ አልካሊኒቲው 9 ዲኬኤች ነበር፤ ሐሙስ 7.8 ሆኖ አገኘሁት። ካልሲየሙ ግን ሁለቱንም ቀን 420 ነው። የመለኪያ ኪቱ ተበላሽቶ ነው ወይስ ኮራሎቹ ካልሲየም መውሰድ ትተው? (ከሄርማታ)

መልስ፦ ኪቱም ደህና ነው፣ ኮራሎቹም እየወሰዱ ነው። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ካልሲየምንና ባይካርቦኔትን አጣምሮ ነው። ከሁለቱ የሚወጣው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ድርሻቸው አይዛነፍም፤ አልካሊኒቲው 1 ዲኬኤች ሲወርድ ካልሲየሙ በሊትር 7 ሚሊ ግራም ገደማ ይወርዳል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ የሄደብዎ 1.2 ዲኬኤች ነው። እንግዲህ ካልሲየሙ የቀነሰው 8 ወይም 9 ሚሊ ግራም ብቻ ነው ማለት ነው። አብዛኛው የቤት ኪት ካልሲየምን የሚቆጥረው በ10 ወይም በ20 ስለሆነ ይህችን አያያትም።

ጎተራንና ሌማትን ያስቡ። በባሕር ውሃ ውስጥ ካልሲየም ሙሉ ጎተራ ነው፤ በሊትር 420 ሚሊ ግራም ገደማ። አልካሊኒቲ ግን ሌማት ላይ ያለ የዕለት እንጀራ ነው፤ 7 ዲኬኤች አካባቢ። ኮራሎቹ ያን 7 ዲኬኤች አሟጠው ቢጨርሱት እንኳ (ከዚያ በፊት ይሞታሉ እንጂ) ካልሲየሙ የሚወርደው ከ420 ወደ 370 ነው። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ የሚለካው አልካሊኒቲ ነው። ካልሲየምን በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ማግኒዚየምን በወር አንዴ ቢያዩ ይበቃል። አልካሊኒቲን ከ7 እስከ 9፣ ካልሲየምን ከ400 እስከ 450፣ ማግኒዚየምን ከ1250 እስከ 1400 ያቆዩ። በእኛ እምነት ዓመቱን ሙሉ 7.5 ላይ የሚቆም አልካሊኒቲ ዛሬ 8 ነገ 11 ከሚሆነው በብዙ ይሻላል።

ምንም ከመጨመርዎ በፊት ጨዋማነቱን ይለኩ። በሺህ 35 መሆን ሲገባው 30 ከሆነ፣ 420 መሆን የነበረበት ካልሲየም 360 ሆኖ ይታያል፤ ያን ጊዜ የጎደለው ጨው እንጂ ካልሲየም አይደለም። ጨዋማነት የሚለካውን ሪፍራክቶ ሜትርም በተጣራ ውሃ ብቻ ሳይሆን በ35 መለኪያ ፈሳሽ ያስተካክሉ።

አሁን ወደ መጠኑ። የአኳሪየምዎ ይዘት በስሌት 180 ሊትር ቢወጣም ድንጋዩ፣ አሸዋውና ከላይ የተተወው ክፍት ቦታ ሲቀነስ ውስጡ ያለው ውሃ 150 ሊትር ገደማ ነው። 1.2 ዲኬኤች ለ3 ቀን ሲካፈል የቀን ፍጆታዎ 0.4 ይሆናል። ሁለት ንጹሕ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ይዘጋጁ። በአንደኛው 84 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በተጣራ ውሃ ተሟሙቶ 1 ሊትር ይሞላል። ለመሟሟት ትንሽ ያስቸግራል፤ ለብ ያለ ውሃ ይረዳል፣ የፈላ ግን አይሁን። በሁለተኛው 73.5 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት እንዲሁ 1 ሊትር ይሞላል። ዕቃው ላይ «አንሃይድረስ» የሚል ከተጻፈ 55.5 ግራም ነው የሚገባው። ዱቄቱን ቀስ እያሉ ወደ ውሃው ይጨምሩ እንጂ ውሃውን ዱቄቱ ላይ አያፍስሱ፤ ሲሟሟ ይሞቃል፣ ሃይላንዱንም ሊያጣምመው ይችላል። ሃይላንድ ያየ ልጅ አንስቶ ይጠጣልና ሁለቱም ላይ በጉልህ ይጻፉ፣ ከፍ ያለ ቦታም ያስቀምጡ።

በዚህ ልክ የተሠሩት ሁለቱ ፈሳሾች እኩል ለእኩል ነው የሚሄዱት። ከእያንዳንዳቸው 36 ሚሊ ሊትር፣ 100 ሊትር ውሃ ላይ 1 ዲኬኤችና በሊትር 7 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይጨምራል። ለእርስዎ 150 ሊትርና 0.4 ዲኬኤች በቀን ከእያንዳንዱ ከ21 እስከ 22 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ሶዳውን ጠዋት፣ ካልሲየሙን ማታ፣ ፓምፑ የሚገፋው ውሃ ፊት ለፊት በሲሪንጅ ቀስ አድርገው ይልቀቁ። ከ4 ቀን በኋላ በዚያው ሰዓት መልሰው ይለኩ። ከወረደ 2 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ፣ ከወጣ ይቀንሱ። አሁን ያለውን 7.8 ወደ 8.5 ለማንሳት ከፈለጉ ለ150 ሊትሩ 3 ግራም ከሩብ የማይሞላ ቤኪንግ ሶዳ ለአንድ ጊዜ ይበቃል፤ በአንድ ቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ አይጨመርም።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛው ቤኪንግ ፓውደር ነው። ሱቅ ላይ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት፤ ባለሱቁም አንዱን ለሌላው ይሰጣል። ፓውደሩ አሲድና ስታርች አለበት፣ አብዛኛውን ጊዜም ፎስፌት፤ አኳሪየም ውስጥ ገብቶ የሚያሳድገው አልጌ ነው። ሁለተኛው የጅማ እርጥበት ነው። ካልሲየም ክሎራይድ ከአየር ውሃ ይስባል። ክዳኑ ላላ ብሎ የከረመ ጠርሙስ እንደ ረጠበ ስኳር ይጓጉላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመዝኑት 73.5 ግራም ከፊሉ ውሃ ነው። አልካሊኒቲው ቀጥ ብሎ ቆሞ ካልሲየሙ ብቻ ወር በወር ዝቅ ዝቅ ካለ መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ። መፍትሔው ዕቃው በተከፈተ ቀን ሙሉውን መሟሟት ነው፤ 500 ግራሙ 6.8 ሊትር ይሆናል። ከሟሟ በኋላ እርጥበት አይጎዳውም።

ኪትዎን ማመን ካቃተዎ በ3 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ይፈትኑት። በመቶኛ ግራም በሚያነብ የወርቅ ሚዛን 3.00 ግራም መዝነው በተጣራ ውሃ 1 ሊትር ሲሞሉት 100 ዲኬኤች ይሆናል። ከዚያ 10 ሚሊ ሊትር ወስደው በተጣራ ውሃ እስከ 100 ሚሊ ሊትር ቢሞሉት 10 ዲኬኤች የሆነ ፈሳሽ ያገኛሉ። ኪቱ ከ9.5 እስከ 10.5 ካነበበ ይሠሩበት። 12 ካለ ጊዜው አልፎበታል።

ጥያቄ፦ አልካሊኒቲዬ 6 ነበር። ሶዳውንም ካልሲየሙንም በአንድ ጊዜ ከአንድ ኩባያ ገለበጥኩት። ውሃው እንደ አጓት ሆነ። ዓሦቹ ምንም አልሆኑም፤ በማግሥቱ ስለካ ግን አልካሊኒቲው 5 ነው። ጨምሬ ሳለ እንዴት ወረደ? ማግኒዚየም ለክቼ አላውቅም። (ከቦሳ)

መልስ፦ ያዩት ነጭ ነገር ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ኮራሉ ሊሠራው የነበረውን አጥንት ውሃው ራሱ ሠራው። ሁለቱ ፈሳሾች ሳይቀጥኑ ሲገናኙ ወዲያው ይጣመራሉ። መጥፎው ነገር እዚያ ላይ አለመቆሙ ነው። እያንዳንዷ የተፈጠረች ደቃቅ ቅንጣት ለሌላው መጠንጠኛ ስለምትሆን፣ ቀድሞ ውሃው ውስጥ የነበረውም ይከተላል። ከ6 ወደ 5 የወረደው ለዚህ ነው።

አሁን እጅዎን ይሰብስቡ። ለ24 ሰዓት ምንም አይጨምሩ፤ ሰው የሚሳሳተው ደንግጦ ሲደግም ነው። ማጣሪያው ላይ አዲስ ጥጥ ያድርጉ፣ በአረፋ ቆሻሻ የሚያወጣው ስኪመርም ይሥራ። ውሃው ሲጠራ በጨዋማነትና በሙቀት የተስተካከለ አዲስ የጨው ውሃ አዘጋጅተው 20 በመቶውን ይቀይሩ። ከዚያ በቀን ከ1 ዲኬኤች ሳይበልጥ ሶዳውን ብቻ ይዘው ይውጡ፤ ካልሲየሙን ለክተው የጎደለ ከሆነ ብቻ በሌላ ሰዓት።

ማሞቂያውንና ፓምፑን አውጥተው ይመልከቱ። ማሞቂያው ከሁሉም ይሞቃልና ቅርፊቱ እዚያ ነው የሚበዛው፤ በጣት ሲነካ ሻካራ ነው። ከሶኬት ነቅለው፣ ቀዝቅዞ ሲያበቃ፣ አንድ እጅ ነጭ አቼቶና አንድ እጅ ውሃ ውስጥ ለ1 ሰዓት ይዘፍዝፉት። እየተንጨረጨረ ይለቃል። የፓምፑን መዘውር ፈትተው ዘንጉን ካላጠቡ ግን ድካም ብቻ ነው፤ የሚይዘው እሱ ጋ ነው።

ማግኒዚየሙን ደግሞ ይለኩ። ማግኒዚየም እነዚያ ቅንጣቶች ላይ ተለጥፎ እንዳያድጉ ያደርጋል። ከ1200 በታች ከወረደ ምንም በጥንቃቄ ቢጨምሩ አልካሊኒቲውና ካልሲየሙ አብረው አይቆዩልዎትም፤ አሸዋውም ቀስ በቀስ እንደ ሲሚንቶ ይያያዛል። 100 ሊትር ውሃ ላይ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ለመጨመር 8.4 ግራም ማግኒዚየም ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬት ያስፈልጋል። ከ1150 ወደ 1300 ለማድረስ 126 ግራም ይሆናል፤ ለ3 ቀን ተከፋፍሎ።

ጥያቄ፦ ለአሲዳማ አፈር የሚሰጠው የእርሻ ኖራ ቤት ውስጥ አለኝ። የግድግዳ ኖራም በቀላሉ ይገኛል። ለካልክዋሰር፣ ማለትም አኳሪየም ውስጥ ለሚንጠባጠበው የኖራ ውሃ፣ አይሆኑኝም? (ከጅሬን)

መልስ፦ ስማቸው አንድ ቢሆንም ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የእርሻው ኖራ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የአፈሩ አሲድ ያሟሟዋል፤ ፒኤች 8.2 የሆነ ውሃ ግን አይነካውም። አኳሪየም ውስጥ ቢጨምሩት ያደፈርሳል፣ ይዘቅጣል፣ አለቀ። የግድግዳው ኖራ በአብዛኛው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ እሱ ይሟሟል፤ ግን ብረትና አሉሚኒየም የመሳሰሉ ባዕድ ነገሮች ስንት እንዳሉበት ከረጢቱ አይነግርዎትም። ያልጠፋ ኖራ ከሆነ ደግሞ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ዓይን ያጠፋል። የሚፈልጉት ለምግብ ወይም ለላቦራቶሪ ደረጃ የተሠራ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ለ1 ሊትር የሚገባው 2 ግራም ብቻ ስለሆነ ግማሽ ኪሎ ብዙ ወር ያቆያል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 2 ግራሙን በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ ጨምረው ክዳኑን ገጥመው ይነቅንቁ፣ ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ከሥር ነጭ ዝቃጭ፣ ከላይ ደግሞ ስስ ቅርፊት ያያሉ። የሚወሰደው መካከል ያለው ጥርት ያለ ውሃ ነው። ከዚህ 1 ሊትሩ ለ100 ሊትር 1.1 ዲኬኤችና በሊትር 8 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይሰጣል። ሁለቱን በትክክለኛው ድርሻ ይዞ መምጣቱና ጨው አለማከማቸቱ ነው ውበቱ። ፒኤቹ ግን ከ12 በላይ ነው፤ ጓንት ያድርጉ። አኳሪየሙ ውስጥም የሚገባው ጠብታ በጠብታ ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው የግሉኮስ ቱቦ ለዚህ ግሩም ዕቃ ነው። በ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጠውን ወስደው መንኮራኩሩን በደቂቃ 40 ጠብታ ላይ ካቆሙት 1 ሊትሩ በ8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያልቃል። ፒኤች ዝቅ በሚልበት ሌሊት ላይ ያድርጉት።

ነገር ግን ቱቦው በስበት ነው የሚወርደው፤ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ኖራው ግን መንጠብጠቡን አያቆምም። ያልተበጠበጠ ኖራ አንድ ጥግ ተከማችቶ አጠገቡ ያለውን ኮራል ያቃጥላል። ስለዚህ ቱቦው ላይ የሚሰቀለው ዕቃ የአንድ ሌሊት ልክ ብቻ የሚይዝ ይሁን፤ 20 ሊትር ጄሪካን አይስቀሉ።

ሌላው የጅማ ጉዳይ ትነት ነው። የኖራ ውሃ የሚገባው በተነነው ውሃ ምትክ ነው። በክረምት አየሩ እርጥበት ስለሚሸከም የሚተነው ያንሳል፤ የሚገባውም ኖራ አብሮ ያንሳል። በየካቲት በደንብ የያዘልዎ መጠን ሐምሌ ላይ አልካሊኒቲውን ቢጥልብዎ አይገረሙ። ጉድለቱን ለሄርማታው አንባቢ በሰጠነው ሁለት ፈሳሽ ይሙሉት።

ጥያቄ፦ ጠዋት ፒኤች 7.7፣ ማታ 7.9 ነው። ፒኤች ከፍ የሚያደርግ ዱቄት ስጨምር ለአንድ ቀን 8.2 ይሆንና ይመለሳል። እንዲህ ስል ከርሜ አልካሊኒቲው 13 ደረሰ፤ አክሮፖራ የሚባለው ኮራሌ ጫፍ መንጣት ጀምሯል። (ከቆጪ)

መልስ፦ ዱቄቱን ዛሬውኑ ያቁሙ። አልካሊኒቲዎ ሞልቶ ፈስሶ ሳለ ፒኤቹ የወረደው ውሃው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለበዛ ነው። የሚመጣውም ከቤቱ አየር ነው። ክረምት ነው፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ከሰሉ ተያይዞ ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪል ሁለት ሰዓት ይነዳል። ለማረጋገጥ ከአኳሪየሙ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድተው በረንዳ ላይ ያውጡት፤ በአየር መንፊያ 1 ሰዓት ይንፉትና ይለኩ። 7.7 የነበረው ወደ 8 ወይም ከዚያ በላይ ከወጣ ነገሩ ግልጽ ነው። የስኪመሩን የአየር ቱቦ አርዝመው በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ያውጡት፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ከሰሉንስ በተዘጋ ቤት ለእርስዎም ለልጆችም ሲሉ አያንድዱት፤ ኮራሉ ቢቀር የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል።

13ቱን በአሲድ ለማውረድ አይሞክሩ። ኮራሎቹ በቀን 0.5 ከወሰዱ በ8 ቀን 9 ላይ ይደርሳል። እስከዚያ አልካሊኒቲውንና ካልሲየሙን እየለኩ ይጠብቁ። የነጣው ጫፍ ከፍ ባለ አልካሊኒቲ ላይ ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ ሲሆኑ የሚመጣ ነው፤ ዓሦቹን ትንሽ ጨምረው ይመግቡ።

9 ላይ ሲደርስ ጥሬውን ሶዳ በተቃጠለ ሶዳ ይተኩ። ቤኪንግ ሶዳ ሲሞቅ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቆ ሶዲየም ካርቦኔት ይሆናል፤ ይህ ፒኤችን ከፍ ያደርጋል። 84 ግራሙን በመጋገሪያ ትሪ ላይ ስስ አድርገው ዘርግተው በ150 ዲግሪ 1 ሰዓት ያቆዩት። መብሰሉን የሚነግርዎ ሚዛን ነው። 84 ግራም የገባው 53 ግራም ሆኖ ከወጣ አልቋል፤ 60 ካለ ይመለስ። ያ 53 ግራም በ1 ሊትር ሲሟሟ ጉልበቱ ከ84 ግራሙ ጥሬ ጋር እኩል ነው፤ የሚሰጡት ሚሊ ሊትር አይቀየርም። ምድጃ የሌለው በኤሌክትሪክ ምጣድ ይሠራዋል፤ ግን ትሪ ላይ አድርጎ ይጣደው እንጂ ምጣዱ ላይ አይበትነው። ምጣዱ ስንት ዓመት ጎመን ዘር ጠጥቷል፤ ዘይቱ ከዱቄቱ ጋር ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ዝናብ ሞልቶልን ሳለ የተጣራ ውሃ መግዛት አለብኝ? የጣሪያውን በሮቶ አጠራቅማለሁ። (ከጊንጆ)

መልስ፦ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ አይጠቀሙበት። ቆርቆሮ የተለበጠው በዚንክ ነው። ለስለስ ያለው የዝናብ ውሃ ዚንኩን ያሟሟል፤ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ቀድመው ያልቃሉ፣ ኮራል ይከተላል። ጠቅላላ ሟሚውን የሚለካው መሣሪያ እንኳ ጥቂት ሚሊ ግራም ዚንክ ሲያይ «5» ብሎ ያልፋል። ዝናቡን ውሃን በስስ ሽፋን ወደሚያጣራው አርኦ ማጣሪያና የቀረውን ሟሚ ወደሚይዘው ከኋላው ያለ ዲአዮናይዘር ካስገቡት ይጠራል፤ ማጣሪያውም ከቧንቧ ውሃ ይልቅ በዚህ ረጅም ዕድሜ ያገኛል። ማጣሪያ የሌለው የባትሪ ውሃ ከመኪና ዕቃ መሸጫ ይገዛል። የባትሪ አሲዱ አጠገቡ በተመሳሳይ ጠርሙስ ይሸጣልና ሳይለኩ አያፍስሱ፤ መለኪያው 0 ወይም 1 ማለት አለበት።

ጥያቄ፦ የባሕር ጨው ውድ ነው። የአፍዴራ ጨው ላይ ካልሲየምና ሶዳ ብጨምርበትስ? (ከመንደራ)

መልስ፦ አይሆንም። የአፍዴራ ጨው ለወጥ የተዘጋጀ ሶዲየም ክሎራይድ ነው። 35 ግራም ጨው ባለበት 1 ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 1.3 ግራም ማግኒዚየም፣ 2.7 ግራም ሰልፌት፣ ካልሲየምና ፖታሲየም ደግሞ እያንዳንዳቸው 0.4 ግራም ገደማ አሉ፤ ከዚያ በታች ያለው ብዙ ነው። ያን ሁሉ ለየብቻ ገዝቶ መመዘን ከተዘጋጀው ጨው ይበልጥ ያስወጣል። ወጪ መቀነስ ከፈለጉ የሚቀይሩትን ውሃ ከ20 ወደ 10 በመቶ ያውርዱ፤ ጉድለቱን በሁለቱ ፈሳሾች ይያዙ። ፈሳሾቹ በጎን የገበታ ጨው እንደሚፈጥሩ ግን ያስታውሱ። በቀን 0.4 ዲኬኤች የሚጨምር ሰው በዓመት በሊትር 3 ግራም ያከማቻል፤ ጨዋማነቱን በየሳምንቱ ያየ ሰው አይቸገርም።

ጥያቄ፦ ዞአንተስና ማሽሩም የሚባሉ ለስላሳ ኮራሎች ብቻ ናቸው ያሉኝ፣ 60 ሊትር። ይህን ሁሉ ልማር? (ከሄርማታ)

መልስ፦ አያስፈልግዎትም። እነሱ የድንጋይ አጥንት አይሠሩም፤ በሳምንት 6 ሊትር ውሃ መቀየር ይበቃል። አልካሊኒቲውን በ2 ሳምንት አንዴ ይለኩ። ድንጋዩ ላይ ሐምራዊ ቅርፊት መሰል አልጌ እየሰፋ ሲሄድ ግን እሱም ካልሲየምና ባይካርቦኔት ስለሚወስድ፣ አልካሊኒቲው 7 ላይ ሲደርስ 1.8 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በብርጭቆ አሟሙተው ፓምፑ ፊት ያፍስሱ፤ 8 ይሆናል።